ከመኪና ግርግር እስከ ከዚራ፦ ለራስ ምታቴ የተመላለስኩበት ክሊኒክ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ በሚወስደው መኪና ግርግር በምንለው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከእኛው የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። በዚህ ድምፅ ውስጥ 22 ዓመት ስሠራ አንድም ቀን ረብሾኝ አያውቅም ነበር። ከሰኔ 2016 ዓ.ም. በኋላ ግን የገዛ መኪናዬን ድምፅ መታገሥ አቅቶኝ፣ ሱቁን ሙያ ለማስተምረው ልጅ ትቼ ለአራት ወር ያህል ቤት ዋልኩ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ቤት ስላወጣኝ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ስላለ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። የማመሰግነው ቢበዛም የምወቅሰውም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። የኔ ፍላጎት ራሱን ተመትቶ ሕመሙ አልለቅ ያለው ሰው ምን ዓይነት ሕክምና መፈለግ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ሸዋ በር አጠገብ ሌላ ባጃጅ ገባብንና ተገለበጥን፤ ቀኝ ጆሮ ግንዴ ከብረቱ ጋር ተጋጨ። ራሴን የሳትኩት ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ብለውኛል። ጭኔ ላይ የአንድ ሙሽራ የሱፍ ጨርቅ ይዤ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ባለቤቴን "ጨርቁስ?" እላታለሁ፤ "ይኸው እኔ ጋ ነው" ትለኛለች፤ ጥቂት ቆይቼ መልሼ "ጨርቁስ?" እላታለሁ። ከአሥር ጊዜ በላይ ጠይቄያታለሁ አለች። እኔ አንዱንም አላስታውስም። እስከ ዛሬ ያን ሰዓት ስታነሣው ድምጿ ይለወጣል።

ሲቲ ስካን ተነሣሁ። የከፈልነው የሁለት ሙሉ ልብስ የስፌት ዋጋ ነው። ውጤቱን ያየው ባለሙያ "ምንም የለህም፣ ተመስገን በል" ብሎ ፓራሲታሞል አዘዘልኝና ወደ ቤት ላከኝ። ተመስገንም አልን፤ ማለታችንም ልክ ነበር፤ ሲቲ ስካኑ የደም መፍሰስና የአጥንት ስብራት አለመኖሩን አሳይቷልና። ማንም ያልነገረኝ ነገር የአንጎል መናወጥ፣ ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት፣ በሲቲ ስካን የማይታይ መሆኑን ነው። የተናወጠው የአንጎሉ አሠራር እንጂ በፎቶ የሚታየው አካሉ አይደለም። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ 15 ከ15 የሚል ተጽፎ ነበር። ዓይን መግለጥን፣ መናገርንና አካልን ማንቀሳቀስን የሚለካ ነጥብ ነው፤ ሙሉ ማግኘት ጥሩ ነው፣ ግን ራሱ አልተናወጠም ማለት እንዳልሆነ ያወቅሁት ከአራት ወር በኋላ ከዚራ ሄጄ ነው።

ራስ ምታቱ በማግሥቱ ጀመረ። በሳምንት ይለቃል አልን፣ አልለቀቀም። በወር ይለቃል አልን፣ ባሰበት። ብዙው ሰው በሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ በወር ውስጥ ይሻለዋል፤ እኔ ግን ከቀሩት ጥቂቶች ወገን ሆንኩ።

እነዚያን አራት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው እንደኔ ያሳልፋቸዋልና። "ዕረፍት ያስፈልግሃል" ስላሉኝ መጋረጃውን ዘግቼ ጨለማ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተኛሁ። ስወጣ የሐረር ፀሐይ እንደ መርፌ ወጋኝ። ስለዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ጥቁር መነጽር አስገዛሁና ቤት ውስጥም ማድረግ ጀመርኩ፤ ዓይኔ ብርሃን መጥላቱ ጭራሽ ጨመረ። እናቴ "ይህ ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ አሸተተችኝ፣ በግንባሬም ቀባችኝ። ሽታው ደስ ይል ነበር፤ የእናቴም እጅ። በሽታው ግን ምች አልነበረም። አንድ ወጌሻ አንገቴን ይዞ በኃይል ሲያዞረው ዓይኔ ጨለመና ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። በዚህ ጉዳይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ ራሱን የተመታ ሰው አንገቱን ለማንም አሳልፎ መስጠት የለበትም። ራስ ሲመታ አንገትም አብሮ ይመታል፤ ምን እንደደረሰበት ሳይመረመር መጠምዘዝ አደገኛ ነው።

ፓራሲታሞሉ ደግሞ አለ። ጠዋት ሁለት፣ ቀትር ላይ ሁለት፣ ማታ ሁለት፤ በየቀኑ፣ አራት ወር ሙሉ። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ጸሎት ሰዓት እጠብቀው ነበር።

ስለ ክሊኒኩ የነገረችኝ ደንበኛዬ የሆነች ነርስ ናት። የሥራ ካፖርቷን ልትወስድ መጥታ እኔን ስታጣ ቤት ድረስ መጣች። "ጋሼ፣ ጨለማ ውስጥ መተኛት አያድንዎትም" አለችኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ራሳቸውን የተመቱ ሰዎችን የምታክም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የነርቭ ሐኪም እዚያው እንደሚመጣ የነገረችኝ እሷ ናት።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ሄድኩ። ከሐረር ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፤ በጤና ቀን መንገዱ ምንም አይደለም። አወዳይን፣ ሐረማያን፣ አዴሌን አልፎ ደንገጎ ላይ ሲደርስ ግን መኪናው እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ቀን በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አምስተኛው ላይ ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩና መንገድ ዳር አስመለሰኝ። ባለቤቴ ውኃ ፊቴ ላይ እያፈሰሰች "እንመለስ" አለችኝ። አልተመለስንም።

ክሊኒኩ የድሮው የባቡር ሠራተኞች መኖሪያ በነበሩት ሰፊ፣ ዛፋማ መንገዶች አካባቢ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ መደገፊያውም ይወዛወዛል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ ይጮኻል፤ ከጣሪያው መብራቶች አንዱ ይብለጨለጫል። ራሱን የታመመ ሰው በሚጠብቅበት ክፍል! ይህን ለእንግዳ ተቀባዩ ነግሬዋለሁ፤ በሁለተኛው ቀጠሮዬም በሦስተኛውም ነግሬዋለሁ። ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላ ሰው መጥቶ ከፍ ያደርጋል። መብራቱ በአምስተኛው ቀጠሮዬ ተቀየረ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ሠላሳ ዓመት አይሆናትም ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ከሩብ አብራኝ ተቀመጠች። ይህን ቁጥር የምጽፈው በአራት ወር ውስጥ ከየባለሙያው ያገኘሁት ጊዜ ተደምሮ ያን ያህል ስለማይሆን ነው። አንገቴን ከመንካቷ በፊት ጥያቄ ጀመረች፦ ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እየከፋ የሚሄድ ነው ወይ? ደጋግሞ ያስታውካል? የሚጥል ነገር ይዞኝ ያውቃል? አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ይደክመኛል? አንደበቴ ይተሳሰራል? ሰው ሲቀሰቅሰኝ አልነቃ እላለሁ? ከአፍንጫዬ ወይም ከጆሮዬ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ወጥቶ ያውቃል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ? ከዚያ የዓይኔ ብሌኖች እኩል መሆናቸውን በባትሪ አየች። ባለቤቴን "ከእነዚህ አንዱን ካዩ እኛ ጋ እንዳይመጡ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ" አለቻት። ደንገጎ ላይ ያስታወከኝ ከመንገዱ ጥምዝ መሆኑን በብዙ ጥያቄ ካረጋገጠች በኋላ ነው ወደ ቀጣዩ የሄደችው። ያን ጊዜ አመንኳት።

ቀጥላ "ራስ ምታትዎ ምን ዓይነት ነው?" አለችኝ። ጥያቄው አስደነገጠኝ። ራስ ምታት ራስ ምታት ነው ብዬ ነበር የማስበው። እሷ ግን ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት የተለያየ መልክ እንዳለው፣ ሕክምናውም በመልኩ እንደሚለይ አስረዳችኝ። አንዱ ማይግሬን የሚባለውን፣ እየመታ የሚያቅለሸልሸውን ይመስላል፤ አንዱ ራስን በመቀነት እንደማሠር ጥብቅ የሚያደርግ ነው፤ አንዱ ከአንገት ይነሣል። አንድ ሰው ሁለቱን ወይም ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል። ከጉዳቱ በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ የጀመረ ከሆነ ከጉዳቱ የመጣ ነው ይባላል፤ ከሦስት ወር ካለፈ ደግሞ የቆየ ነው ይባላል። የኔ አራት ወር አልፎታል።

ደብተር እንድይዝ አዘዘችኝ። አዲስ አልገዛሁም፤ የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ፤ የደረት፣ የወገብ፣ የእጅጌ ብዬ ያሰመርኩትን ዓምድ ሰዓት፣ የት፣ ሕመሙ ከ10 ስንት፣ ምን ሠርቼ ነበር፣ ምን ዋጥኩ ብዬ ቀየርኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገጹ ራሱ ተናገረ። አንደኛው ሕመም ከማጅራቴ ይነሣና ወደ ቀኝ ዓይኔ ይወጣል፤ የሚመጣው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ አቀርቅሬ ስቀመጥ ነው። ሌላው ቀኝ ጆሮ ግንዴ ላይ እንደ ልብ ምት ይመታል፣ ያቅለሸልሸኛል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላኛል፤ የሚመጣው ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩ እንደሆነ ወይም ምሳ ያሳለፍኩ እንደሆነ ነው። አራት ወር አንድ ጠላት አለኝ ስል ሁለት ነበሩ።

ሦስተኛም ነበረ። "የዋጡት" በሚለው ዓምድ ሥር በየቀኑ 6፣ 6፣ 6 ተጽፏል። ባለሙያዋ ጣቷን በዓምዱ ላይ እያወረደች አየችው፤ አልተቆጣችም። ፓራሲታሞልን የመሰለ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በላይ የሚወስድ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት እንደሚችል ነገረችኝ። ካፌይን ወይም ኮዴይን የተቀላቀለባቸው ደግሞ በወር 10 ቀን ይበቃቸዋል። እኔ በቀን ሦስት ግራም ነው የምወስደው፤ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ አራት ግራም የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ከዚያ ያለፈ ጉበት ይጎዳል። ቅዳሜ ያገኘኝ ሐኪም ማስታገሻውን አስቁሞ ከዚያ በኋላ በሳምንት ከሁለት ቀን እንዳላልፍ ፈቀደልኝ። "መጀመሪያ ይብስብዎታል፣ ከዚያ ይቀላል" አለኝ። እውነቱን ነው። ዘጠኝ ቀን ባሰብኝ። በስድስተኛው ሌሊት ባለቤቴን መድኃኒቱን የት እንደደበቀችው እየለመንኩ ጠየቅኋት፤ አልነገረችኝም። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ዝምታ ነበር። ራሴ ውስጥ ማለቴ ነው።

ሐኪሙ ለማታ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ፤ 25 ሚሊግራሙን ክኒን ግማሹን፣ ከመተኛቴ ሁለት ሰዓት በፊት። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያፈዛል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ነግሮኛል። ያልነገረኝ መድኃኒት ቤት የሚገጥመኝን ነው። አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ወረቀቱን አይታ፣ ሰው እየሰማ፣ "ይህ የአእምሮ ሕመምተኛ መድኃኒት ነው፣ ለማን ነው?" አለችኝ። ለድብርት በብዙ መጠን ይሰጣል፤ በትንሽ መጠን ግን ማይግሬንን የመሰለ ራስ ምታት ለመከላከል ከቆየ ጀምሮ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ያን ቀን ሳልገዛ ወጣሁ። በነጋታው ባለቤቴ ገዛችልኝ። የአእምሮ ሕመምተኛስ ብሆን በአደባባይ ሊነገርብኝ ይገባ ነበር? ይህን ያነበበ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ካለ፣ ድምፁን ዝቅ ቢያደርግ ለአንድ ሰው ሕክምና ነው።

ፊዚዮቴራፒው ራሱ ሦስት ነገር ነበር። ስለ አንገቱ ብዙ አልናገርም፤ በእጇ ቀስ ብላ ታላላዋለች፣ ከዚያ አገጭን ወደ ውስጥ መሳብና ትከሻን መልሶ መጣል አስተማረችኝ፤ የወንበሬን ቁመት በአራት ጣት እንድጨምርና በየ20 ደቂቃው ከመኪናው ላይ እንድነሣ አዘዘችኝ። ልብስ ሰፊ ሁሉ ይህን ሳይታመምም ሊያደርገው ይገባል።

ሁለተኛው እግር ነው። የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አስቀምጣኝ የልብ ምቴን እየለካች በየሁለት ደቂቃው ክብደቱን ጨመረችበት። ራስ ምታቴ ሊጨምር ሲጀምር "አሁን" አልኳት፤ የልብ ምቴ 118 ነበር። "እስከዚህ ድረስ አይሂዱ፤ ከዚህ 80 እስከ 90 በመቶው ድረስ ግን በየቀኑ ይሂዱ" አለችኝ። ይህም ከ94 እስከ 106 መሆኑ ነው። ሰዓት እያየሁ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ከ24 እስከ 26 ምት መቁጠር አስለመደችኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ ስለ ስፖርተኞች የአንጎል መናወጥ የመከረው ዓለም አቀፍ ጉባኤም፣ ከአንድ ወይም ሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ መጀመር እንጂ ጨለማ ውስጥ መተኛት እንደማይጠቅም አስታውቋል አለችኝ። ስሠራ ሕመሙ ከ10 ከሚሰጠው ነጥብ ከነበረበት ከሁለት በላይ ካልጨመረ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥም ወደነበረበት ከተመለሰ፣ አይጎዳኝም። ይህ አንድ ሕግ ከሁሉ ይበልጥ ነፃ አወጣኝ። እስከዚያ ድረስ ትንሽ ባመመኝ ቁጥር ራሴን ይበልጥ እየጎዳሁት ይመስለኝ ነበር።

እናም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መራመድ ጀመርኩ። የጁገል ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ከሸዋ በር እስከ ቡዳ በር ሄጄ እመለስ ነበር፤ ከዚያ እስከ ሰንጋ በር፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ግንቡን ሙሉ ዞርኩት። በዚያ ሰዓት ባጃጆቹ ገና አልተነሡም፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከየጓዳው ቁርስ ይሸታል። ሐረር ተወልጄ አድጌ ግንቡን በእግሬ ዞሬው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ዓይን ነው፤ ይህንንም ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ። ከአደጋው በኋላ መርፌ ክር ማስገባት አቅቶኝ ነበር። የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ይሆንብኛል፤ ስታገል ራሴ ይነሣል። ዕድሜ ነው ብዬ መነጽር ልገዛ ነበር። ባለሙያዋ እስክሪብቶ ይዛ ቀስ እያለች ወደ አፍንጫዬ አቀረበችና "ሁለት ሲሆንብዎ ይንገሩኝ" አለችኝ። ገና አንድ ክንድ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ሁለት ሆነብኝ። ከጉዳት በኋላ ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው ወደ ውስጥ መዞር ሊያቅታቸው ይችላል፤ ያነበበ፣ የሰፋ፣ ስልክ ያየ ሰው ራሱን ያመዋል። ክሊኒኩ ለዚህ መለማመጃ የሚሆን ባለ ሦስት ቀለም ዶቃ የተሰካበት ክር ነበረው፤ አንዱ ጫፍ በር ላይ ይታሰራል፣ ሌላው አፍንጫ ላይ ይያዛል፤ ዓይን ከሩቁ ዶቃ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ቅርቡ ይዘዋወራል። በየዶቃው ላይ ክሩ ሁለት መስሎ ዶቃው ጋ ሲገናኝ መታየት አለበት።

እቤት ለመለማመድ አንድ ልግዛ ስላት የሚሸጥ የለንም አለችኝ። ሐረር እንደተመለስኩ ሱቄ ገባሁ፤ ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። ነጭ የጥጥ ክር በሦስት እጥፍ ገመድኩ፣ ከቁልፍ ጣሳዬ ቀይ የሕፃን ሹራብ ቁልፍ፣ አረንጓዴ የቀሚስ ቁልፍ፣ ቢጫ የካፖርት ቁልፍ መረጥኩ፤ ክሩን በአንድ ቀዳዳቸው አሳለፍኩና እንዳይንሸራተቱ ከፊትና ከኋላ ቋጠርኩ። ቀዩን በአንድ ስንዝር፣ አረንጓዴውን በሁለት ክንድ፣ ቢጫውን በሩ አጠገብ። ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ። ልጁ አጠገቤ መኪናውን አቁሞ ዝም ብሎ ያየኛል። በስድስተኛው ሳምንት መርፌ ውስጥ ክር በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ልጁ "ጋሼ፣ አመመዎት?" አለኝ። አላመመኝም።

ለባለሙያዋ የሠራሁትን ክር ስወስድላት ፎቶ አነሣችው። አሁን የክሊኒኩ ታካሚዎች ሲጠይቋት ክርና ሦስት ቁልፍ ፈልገው እንዲሠሩ ትነግራቸዋለች።

ስለ ጫትና ስለ ቡናም ጠይቃኛለች። እንደ ብዙ የሐረር ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ እቅም ነበር። አልነቀፈችኝም፤ ደብተሬ ላይ የመኝታ ሰዓት የሚል ዓምድ አስጨመረችኝ። እሑድ ማታ 8 ሰዓት፣ 9 ሰዓት ሌሊት ድረስ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነው፤ ሰኞ ያ ጆሮ ግንድ የሚመታው ይመጣል። አራት እሑድ ተከታትሎ ሲታይ ማስረጃው ከኔው እጅ ጽሑፍ ነው። ተውኩት። ቡናውን ግን በአንድ ቀን እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ፤ በድንገት የቆመ ቡና ራሱ ራስ ያማል። ከአምስት ስኒ በየአራት ቀኑ አንድ እየቀነስኩ ሁለት ላይ አቆምኩ፤ ሁለቱንም ከቀትር በፊት።

አሁን ወቀሳዬ። ቀጠሮ አይከበርም፤ ሦስት ሰዓት ተብዬ አራት ከሩብ ላይ የገባሁበት ቀን አለ፤ ከሐረር ለሚመጣ ሰው ይህ በድሬ የቀትር ሙቀት ውስጥ መመለስ ማለት ነው፤ ሙቀቱና የውኃ ጥሙ ደግሞ ለራስ ምታት አይበጁም። የእንቅስቃሴዎቹ መመሪያ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ድሬና ሐረር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪ የሚናገር ሰው ሞልቶ፣ ለታካሚ የሚሰጥ ወረቀት ለምን እንግሊዝኛ ይሆናል? ለኔ ባለሙያዋ በእጇ በአማርኛ ጻፈችልኝ፤ ከኔ በኋላ የገቡት የኦሮምኛ ተናጋሪ እናት ግን ሥዕሉን ብቻ ይዘው ሲወጡ አይቻለሁ። የድጋሚ ምዘና ለብቻው እንደሚከፈልበትም ገንዘብ መክፈያው ላይ ስደርስ ነው የሰማሁት።

ገንዘቡን ለሚጠይቅ፦ የመጀመሪያው ቀን 800 ብር፣ ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ በ450 ብር፤ በድምሩ 5,300 ብር ከፈልኩ። የሐኪሙ፣ የመድኃኒቱና የመንገዱ ከዚህ ውጪ ነው። ለኔ ቀላል አልነበረም፤ አንድ የስፌት መኪና ሸጫለሁ። ሥራዬን ግን መልሶልኛል፤ ያን ያህል ገንዘብ ለምን እንዳወጣሁ ባለቤቴ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

ራስ ምታቱ ጨርሶ አልጠፋም። በወር ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ይመጣል፤ ሲመጣ የትኛው እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ የማደርገውንም አውቃለሁ። የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ኦቨርሎክ መኪና ሲጮህ ብቻ አሁንም እወጣለሁ፤ ልጁ እሱን የሚያስነሣው እኔ ውጭ ስሆን ነው። አሚትሪፕቲሊኑን ሐኪሙ በሚያዝያ ቀስ በቀስ አስቆመኝ።

መሄድ ለሚፈልግ፦ የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ይጠይቁ። ሚኒባስ ላይ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጡ፣ ደንገጎ ላይ ዓይንዎን ሩቅ ባለው ተራራ ላይ ያቁሙ እንጂ ስልክ አይዩ። የሆስፒታል ወረቀትዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ሁለት ሳምንት ደብተር ይያዙ። የሚያውቅዎት ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ከአደጋው ቀን የማያስታውሱትን እሱ ለባለሙያዋ ይነግራታል።

የሙሽራውን ሱፍ ጥር ላይ ጨረስኩት። ሠርጉ አልፎ ነበር፤ ሰውዬው ለገዛ ልጁ ክርስትና ለብሶት መጣ።